ማስረጃ ከማን ይፈለጋል?

ሙግት የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፥ በላ ልበልሃ ተባብለው ዳኛ ፊት ከቆሙት ከሁለቱ ወገኖች መካከል ምስክር ቍጠር የተባለው ከባዱን ሸክም ተሸከመ ማለት ነው። ምስክር ያጣ እንደ ሆነ እውነት ቢኖረውም ተረቺ ይሆናል፤ ባላጋራው ግን አንድ ቃል ሳይጨምር ረቺ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የፍርዱ እኩሌታ ገና ነገሩ ሳይመረመር፥ ማን ያስረዳ በሚለው ብይን ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል።

ይህም የችሎት ጕዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ሠርቶ፥ ሁሉ በሚተነፍሰው አየርና ሁሉ በሚጠጣው ውሃ ላይ በበተነው ጊዜ፥ ጕዳት የለበትም ብሎ ማስረዳት የሚገባው በታኙ ነውን? ወይስ ተጐዳሁ ብሎ ማስረዳት የሚገባው የሚተነፍሰው ሰው ነው? በሃያኛው መቶ ዓመት በአንድ ማዕድን ምክንያት ይህ ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ አከራክሯል። የክርክሩንም መልክ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ጠበቃ ወይም ሐኪም ሳይሆን፥ የድንጋይን ዕድሜ ይቈጥር የነበረ አንድ ሰው ነው። የድንጋይ መርማሪ ወደዚህ ሙግት በምን መንገድ እንደ ገባ ማወቅ ለጥያቄው መልስ ይረዳልና፥ ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ማዕድኑ እርሳስ ነው፤ ተማሪ የሚጽፍበት ሳይሆን ጥይት የሚሠራበት፥ ክብደቱ ብዙ፥ ጥንካሬው ጥቂት የሆነው ብረት። ኬሚስትሪ አንድ ስም ብትሰጠውም፥ የቅንጣቶቹ ክብደት ስለሚለያይ በውስጡ አራት ዓይነት ይገኛል፤ እነዚህን ሊቃውንት ኢሶቶፕ ይሏቸዋል። ከአራቱ 204 የሚባለው ከሌላ ማዕድን የሚወለድ አይደለም። በቀሩት በሦስቱ ላይ ግን ዘወትር አዲስ እየተወለደ ይጨመርባቸዋል፤ 206 ከዩራኒየም 238፥ 207 ከዩራኒየም 235፥ 208 ደግሞ ከቶሪየም ይወለዳሉ። ዩራኒየም ማንም ሳይነካው በራሱ እየፈረሰ፥ ብዙ ደረጃ አልፎ በመጨረሻ እርሳስ ይሆናል። ይህን የመፍረስ ፍጥነት የምድር ሙቀትም ሆነ የተራራ ክብደት አያፋጥነውም፥ አያዘገየውምም። የዩራኒየም 238 እኩሌታው እስኪፈርስ ድረስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ቢሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው። የዩራኒየም 235 እኩሌታ ግን በ704 ሚሊዮን ዓመት ይፈርሳል። እንግዲህ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፥ አንዱ የሌላውን ቈጠራ ይመረምራል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመቸው ዚርኮን የሚባለው፥ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ማዕድን ነው። ዚርኮን ከቀለጠ ድንጋይ ውስጥ በሚረጋበት ጊዜ ዩራኒየምን ይቀበላል፤ እርሳስን ግን አያስገባም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በኋላ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ እዚያው የተወለደ ነው፤ ልጁን ከአባቱ ጋር አስተያይቶ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በተባለው ስፍራ ከተገኙት ከእነዚህ ቅንጣቶች ጥንታዊ የሆኑት 4.4 ቢሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። በአገራችን በሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀውም በዚሁ ጥበብ ወንድም ነው፤ በዚያ የተለካው ግን እርሳስ ሳይሆን፥ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ከፖታሲየም የሚወለደው አርጎን የተባለው አየር ነው።

በ1948 ገደማ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐሪሰን ብራውን የተባለው መምህር ይህን ሥራ ለሁለት ተማሪዎቹ ከፈለላቸው፤ ጆርጅ ቲልተን በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ዩራኒየም፥ ክሌር ፓተርሰን እርሳሱን እንዲለኩ። ፓተርሰን በ1922 በአዮዋ የተወለደ የገጠር ልጅ ሲሆን፥ በጦርነቱ ዘመን ኦክ ሪጅ በተባለው ስፍራ ዩራኒየምን ከዩራኒየም በሚለዩት ታላላቅ መሣሪያዎች ላይ ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ዕድሜያቸው አስቀድሞ የታወቀ፥ ዘዴውን ለመፈተን ብቻ የተመረጡ ነበሩ። የቲልተን ቍጥር እንደሚጠበቀው ወጣ። የፓተርሰን ቍጥር ግን ከሚጠበቀው እጅግ በለጠ፤ በድጋሚ ቢሠራውም እንደዚያው፥ እንደ ገና ቢሠራውም የባሰ ሆነ። ምንም ድንጋይ ያልገባበትን ዕቃ ሲመረምር እንኳ እርሳስ ያገኝ ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ዘዴው አይሆንም ብሎ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ወይም ትርፉን በግምት ቀንሶ መልካም የሚመስል ቍጥር ይጽፋል። ፓተርሰን ግን ትርፉ ከየት እንደ መጣ ጠየቀ። መልሱም ከሁሉ ስፍራ የሚል ሆነ፤ ከቧንቧው ውሃ፥ ከመስተዋቱ ዕቃ፥ ከሚገዛው አሲድ፥ ከግድግዳው ቀለም፥ ከአቧራው፥ ከገዛ ጠጕሩና ከልብሱ። ከድንጋዩ አወጣሁት ያለውን እርሳስ አብዛኛውን ያመጣው እሱ ራሱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ጥቂት እንቈይበት። የሚመረመረው ነገር ጥቃቅን በሆነ መጠን የመርማሪው እድፍ ታላቅ ይሆናል። ድንጋዩ ምስክር ነው ብንል፥ ምስክሩ ከመናገሩ በፊት መርማሪው በጆሮው አንዳች ነገር ሹክ እንዳላለበት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህንንስ ማን ያረጋግጥ? ድንጋዩ ራሱን ሊከላከል አይችልም። እንግዲህ የጨመርሁበት ነገር የለም ብሎ ማስረዳት ሊጨምርበት በሚችለው ላይ ይወድቃል። ፓተርሰን ይህን ሸክም ማንም ሳያሸክመው ወስዶ ተሸከመው፤ ብዙ ዓመትም ፈጀበት። በ1952 ከመምህሩ ጋር በካሊፎርኒያ ፓሳዲና ወደሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም በተሻገረ ጊዜ፥ እርሳስ ያለበት ነገር ሁሉ የወጣበት፥ ተጣርቶ የሚገባው አየር በግፊት የውጭውን አቧራ የሚመልስበት ክፍል አሠራ። ዕቃው ሁሉ በአሲድ ይታጠብ ነበር፤ የሚታጠብበት አሲድና ውሃም አስቀድሞ በራሱ እጅ ይጣራ ነበር። ለጕብኝት የመጡት ሰዎች ይህ ሊቅ ነው ወይስ ወለል ወልዋይ ሳይሉ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ ክፍል የወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ፍሬ የምድር ዕድሜ ነው። በአሪዞና በረሓ፥ 50,000 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ከሰማይ የወደቀ ታላቅ ብረት ሰፊ ጕድጓድ ቈፍሮ ነበር፤ ስባሪዎቹ በካንዮን ዲያብሎ ስም ይጠራሉ። በዚህ ብረት ውስጥ ዩራኒየም የሌለው ለማለት የሚቻል፥ ነገር ግን እርሳስ ያለበት የብረትና የድኝ ውሑድ አለ። ዩራኒየም ስለሌለ ከጊዜ ብዛት የሚጨመር ልጅ የለም፤ ስለዚህ ምድርና ጓደኞቿ በተሠሩበት ዘመን የነበረው እርሳስ ሳይለወጥ ተቀምጦበታል። ፓተርሰን በ1953 ይህን እርሳስ አጣርቶ በኢሊኖይ ወደሚገኘው ወደ አርጎን ቤተ ሙከራ ወስዶ በዚያ ባለው መሣሪያ መዘነው። ሒሳቡ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ወጣ። በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ 4.55 ቢሊዮን፥ ማለት አራት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት፥ ወደዚህ ወይም ወደዚያ 70 ሚሊዮን ቢለዋወጥ ነው ብሎ ወሰነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት መርማሪዎች ቍጥሩን አጠሩት እንጂ አላፈረሱትም። ሒሳቡ በወጣለት ቀን በአዮዋ ወደምትገኘው እናቱ ዘንድ ሄዶ፥ ልቤ ሊቆም ነውና ሐኪም ቤት ውሰዱኝ እንዳላት ኋላ ራሱ አጫውቷል።

ለቤተ ክህነት ሰው እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ እንደሚነሣበት አይጠፋንም። ባሕረ ሐሳባችን ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን ይቈጥራል፤ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸርም በ1650 ዓለም የተፈጠረችው ከልደት በፊት በ4004 ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለቱ ቈጠራዎች እርስ በርሳቸው እንኳ አይገጥሙም። ያም ሙግት ሰፊ ነው፤ የራሱ ሊቃውንት አሉት። የእኛ ነገር ግን ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል።

ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፥ የምድርን ዕድሜ ሲፈልግ የነበረው ሰው ሌላ ነገር አወጣ። በክፍሉ ውስጥ ሲያሳድደው የነበረው እርሳስ ከክፍሉ ውጭስ ምን ይሠራል? ጓደኛው ታትሱሞቶና እሱ በ1963 ባሳተሙት ምርመራ፥ በባሕር ላይኛው ውሃ ያለው እርሳስ ከጥልቁ ውሃ ብዙ እንደሚበልጥ አስታወቁ። ባሕር ቀስ ብሎ የሚቀላቀል ስለ ሆነ፥ ከላይ የበዛው በቅርቡ የወረደው ነው። ከወዴት ወረደ? በዚያ ዘመን በየመንገዱ የሚነዳው መኪና ሁሉ ከጭሱ ጋር እርሳስ ይተፋ ነበር።

ይህ እርሳስ ወደ ቤንዚን የገባበት ታሪክ አጭር ነው። በታኅሣሥ ወር 1921 በዴይተን ከተማ የጀነራል ሞተርስ መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ፥ እርሳስ ያለበት አንድ ፈሳሽ በጥቂቱ ቢጨመር የሞተር መንኳኳት እንደሚቀር አገኘ። በ1923 ለገበያ ሲወጣ ኤቲል ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ አልገባም። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ በስታንዳርድ ኦይል ፋብሪካ ይህን ፈሳሽ የሚያዘጋጁ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሚጅሊም በዚያው ወር ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ፈሳሹን በእጁ ላይ አፍስሶ አሸተተላቸው፤ ከዚህ ቀደም ብሎ ግን እሱ ራሱ በእርሳስ ታሞ ዕረፍት ወስዶ ነበር። በግንቦት 1925 በዋሽንግተን ጉባኤ ተደረገ። ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተንና የዬል መምህር ያንዴል ሄንደርሰን አጥብቀው ተቃወሙ። በጥር 1926 የተሰየመው ኮሚቴ የሚከለከልበት በቂ ምክንያት አላገኘሁም፥ ነገር ግን ምርመራው ይቀጥል አለ። ምርመራው የቀጠለው በዋናው በባለ ጥቅሞቹ ገንዘብ ነው።

ያንን ምርመራ የመራው ሐኪሙ ሮበርት ኪሆ ነበር፤ የኤቲል ኩባንያ የሕክምና ሹም ሲሆን በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲም ቤተ ሙከራ ነበረው። ንግግሩ በመሠረቱ እንዲህ ነበር፤ እርሳስ በምድር ሁሉ ስላለ በሰው ሰውነት ውስጥ መገኘቱ የተፈጥሮ ነው፤ የገባውንም ሰውነት መልሶ ያስወጣዋል፤ የሚጐዳው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ከዚያ ልክ እጅግ በታች ነው፤ ጕዳት አለ የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ፥ ያን ጊዜ እናቆማለን። ይህን ንግግር ሞኝነት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ኪሆ ሐሰተኛ ነበረ አልልም፤ ከከሳሽ ማስረጃ ይጠየቃልና። ጕዳትን በጥርጣሬ ብቻ የሚከለክል አገር ክትባትን፥ ኤሌክትሪክን፥ የባቡር ሐዲድን ሁሉ ሊከለክል ይችል ነበር። በጕባኤው ፊት መረጃ አቅርቦ የሚናገረው እሱ ብቻ ነበረ፤ ተቃዋሚዎቹ የነበራቸው ስጋት ነው፥ ስጋት ደግሞ ከመረጃ ጋር ሲጋጠም ባዶ እጁን ይቆማል።

ስሕተቱ የት ላይ ነው ቢባል፥ ተፈጥሮ ብሎ በለካው ላይ ነው። ኪሆ የተፈጥሮውን ልክ ለማግኘት በ1930ዎቹ ከፋብሪካ ርቀው ወደሚኖሩ የሜክሲኮ ገበሬዎች ሄደ፤ በእነሱም ሰውነት እርሳስ አገኘ። እንግዲህ እርሳስ ያለ መኪናም ይገኛል አለ። ዳሩ ግን እነዚያ ገበሬዎች የሚበሉበት የሸክላ ዕቃ እርሳስ ባለበት ቅብ የተቀባ ነበረ። ንጹሕ ተብለው ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ራሳቸው ንጹሓን አልነበሩም። ይህ ፓተርሰን በቺካጎ ባዶ ዕቃ ውስጥ ያገኘው እርሳስ ነው፤ ልዩነቱ፥ አንዱ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ፥ ሌላው ተፈጥሮ ነው ብሎ ጻፈ።

ይህ ዓይነት ስሕተት የኪሆ ብቻ እንዳልሆነ አንድ የዓሣ ነገር ያስረዳል። ቱና የተባለው ዓሣ በቆርቆሮ ሲታሸግ፥ ቆርቆሮው በእርሳስ ይበየድ ነበር። አንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ትኩሱንና የታሸገውን ዓሣ መዝኖ፥ የታሸገው እርሳስ ከትኩሱ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው ብሎ ነበር፤ ይህም የሚያሰጋ አይመስልም። ፓተርሰንና ባልደረባው ዶርቲ ሴትል በ1980 በንጹሑ ክፍል ቢመዝኑት ግን፥ ትኩሱ በአንድ ግራም 0.3 ናኖግራም፥ የታሸገው 1400 ናኖግራም ሆነ፤ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። እጥፍ የተባለው አራት ሺህ እጥፍ ያህል ነበረ ማለት ነው። የመንግሥቱ ቤተ ሙከራ ሰዎች አልዋሹም፤ በትኩሱ ዓሣ ላይ የራሳቸውን አቧራ መዝነው የዓሣው ነው አሉ እንጂ። ሁሉ ያደፈበት ስፍራ እድፍን የሚያሳይ ነጭ ነገር የለምና፥ ሁሉም ያለበትን ነገር የተፈጥሮ ልክ ማድረግ እጅግ ቀላል ነው። በአስተሳሰባችንም ቢሆን ከዚህ የራቅን አይመስለኝም፤ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ስንት ጊዜ የተፈጥሮ ሕግ እየተባለ ሲነገር ሰምተናል።

ፓተርሰን በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በአሜሪካውያን ሰውነት ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው ልክ መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ ተፈጥሮ የተባለው ልማድ ነው አለ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እንዲመረምሩ ከተላከላቸው ሰዎች አንዱ ኪሆ ራሱ ነበር፤ ነቀፈው፥ ግን ይታተም ብሎ ፈቀደ። ለዚህ ሊመሰገን ይገባል። ፓተርሰን ስለ ባሕር ለሚያደርገው ምርምር ከነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ ያም ገንዘብ ተቋረጠ። በሰኔ 1966 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል በኤድመንድ መስኪ ፊት ሁለቱም ቀርበው መሰከሩ። ፓተርሰን በዚያ የተናገረው ኩባንያዎቹን ብቻ አልነበረም፤ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቱ ሊቈጣጠራቸው ከሚገባው ሰዎች መረጃ እየተቀበለ በዚያው መረጃ ይፈርዳል ብሎ ወቀሰ። በ1971 ብሔራዊው የምርምር ምክር ቤት ስለ አየር እርሳስ መግለጫ ሲያወጣ ከአዘጋጆቹ መካከል ስሙ አልነበረም፤ እርሳስን በዚያ ዘመን ከእሱ ይልቅ አጥርቶ የሚለካ ሰው ለማግኘት ግን ያስቸግር ነበር።

ምስክሮቹ አንድ በአንድ መጡ። በግሪንላንድ በረዶ በየዓመቱ እየተደራረበ ስለሚቀመጥ፥ ወደ ታች መቈፈር ወደ ቀድሞ ዘመን መውረድ ነው። ሙሮዙሚ፥ ቾውና ፓተርሰን በ1969 እንዳስታወቁት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ከወረደው በረዶ ይልቅ በ1965 የወረደው ሁለት መቶ እጥፍ ያህል እርሳስ ነበረበት፤ ጭማሪው እጅግ የፈጠነውም ከ1940 ወዲህ ነው። በ1979 የፔሩ ጥንታውያን ሰዎች አጥንት ተመርምሮ፥ በዘመናችን ሰዎች አጥንት ያለው እርሳስ ብዙ መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ኸርበርት ኒድልማን የወለቁ የሕፃናት የወተት ጥርሶችን ሰብስቦ፥ በጥርሳቸው ውስጥ እርሳስ የበዛባቸው ልጆች በትምህርትና በማስተዋል ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳየ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የቱሪን ምስክርነት ነው። እርሳስ ከየት ማዕድን ቤት እንደ ወጣ ኢሶቶፖቹ ይናገራሉ፤ በአውስትራሊያ ብሮክን ሂል የሚወጣው እጅግ ጥንታዊ ስለ ሆነ 206 የተባለው ዓይነት ያንስበታል። በጣልያን አገር በፒየሞንቴ አውራጃ በ1970ዎቹ መጨረሻ በቤንዚኑ ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ሆን ተብሎ በዚህ በብሮክን ሂል እርሳስ ተተካ። ከዚያም የቱሪን ሰዎች ደም ተመረመረ። የደማቸው ምልክት ወደ ብሮክን ሂል አዘነበለ፤ በደማቸው ካለው እርሳስ ሩብ ያህሉ ከቤንዚን የመጣ መሆኑ ተቈጠረ። እንግዲህ በአውስትራሊያ ምድር ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የረጋው ድንጋይ፥ ቤንዚን በእጁ ነክቶ በማያውቅ የከተማ ሰው ደም ውስጥ ስሙን ተናገረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የኩባንያው ወገን፥ የሌለ ነገር አለመኖሩን ማስረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ጕዳት የለም ብለህ አስረዳ ማለት ግፍ ነው ይላል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ነገር ግን ፓተርሰን በክፍሉ ያደረገው ይህንኑ የማይቻል የተባለውን ነገር አይደለምን? አንዳች አልጨመርሁም ብሎ ፍጹም ማረጋገጫ አላገኘም፤ ማግኘትም አይቻልም። ያደረገው ባዶውን ዕቃ መመዘን፥ እድፉን እየተከተለ ማሳነስ፥ የቀረውንም ምን ያህል እንደ ሆነ ገልጦ መጻፍ ነው። ከበታኙ የሚፈለገው ማስረጃም ከዚህ አይበልጥም፤ ከመበተኑ በፊት ንጹሑን ልክ ይለካ፥ ለኪውም የራሱ ሎሌ ብቻ አይሁን። በ1924 ይህ ቢጠየቅ ኖሮ አይቻልም የሚባል አልነበረም፤ አሊስ ሃሚልተንና ሄንደርሰን የጠየቁት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ደግሞም ሌላ ክርክር አለ። ሕዝቡ ርካሽ ነዳጅና ፈጣን መኪና ወድዶ ተቀብሏል፤ ጥቅሙን ከበላ ጕዳቱን ይካፈል የሚል። ለዚህ መልሱ አጭር ይመስለኛል። የማያውቀውን ነገር የተቀበለ ሰው ተቀበለ አይባልም፤ ውልም የሚጸናው በዕውቀት ነው። በየመንገዱ ዳር የሚጫወት ሕፃን መኪና የለውም፤ መተንፈስንም እምቢ ሊል አይችልም። ተከሳሹ ሊሸሸው የሚችለውን አደጋና ሊሸሸው የማይችለውን አንድ አድርጎ መፍረድ አይገባም። በወይን ጠጅ ላይ ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ ሊባል ይችል ይሆናል፤ በአየር ላይ ግን ገዢ የለም።

በዚህ ሁሉ ዳኝነቱ የቀለለ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 በናይጄሪያ በዛምፋራ አውራጃ፥ ድኾች ወርቅ ፈላጊዎች ከመሬት ያወጡትን ድንጋይ በየግቢያቸው በእህል ወፍጮ ይፈጩ ነበር። ድንጋዩ ከወርቁ ጋር ብዙ እርሳስ ነበረበት፤ ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞቱ። በዚህ ስፍራ እርሳሱ እውነተኛ የተፈጥሮ እርሳስ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ተዘግቶ ሳለ ለሺህ ሺህ ዘመን ማንንም አልጐዳም። በታኙም የሟቹ አባት ነው። ንጹሑን ልክ አስቀድመህ ለካ ብለን ለእሱ ብንፈርድበት፥ ሚዛኑን ከየት ያመጣል? እንዲህ ባለው ጊዜ ሸክሙ ሚዛን ወዳለው ይተላለፋል ብዬ አስባለሁ፤ ይኸውም ወደ መንግሥትና ወደ ተማረው ሰው። ነገር ግን ይህን ስል የቀድሞው ብይን እንደ ላላ ይሰማኛል፤ ሸክሙን አቅም ላለው ሁሉ ማሸከም ከጀመርን፥ አቅም ያለው በታኝ አቅም ከሌለው በታኝ ጀርባ ለመሰወር መንገድ ያገኛልና።

በአሜሪካ አገር እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መሸጥ ጀመረ፤ በ1976 እና በ1980 መካከል የተለካው የሕዝቡ የደም እርሳስ፥ ከ1988 እስከ 1991 በተለካ ጊዜ ከመቶ 78 እጅ ቀንሶ ተገኘ። የኪሆ የተፈጥሮ ልክ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ አይቀንስም ነበር። ፓተርሰን ታኅሣሥ 5 ቀን 1995 አረፈ፤ በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና የእርሳስ ቤንዚን መሸጥ በአገሩ ፈጽሞ የተከለከለው ከዚያ ሃያ ሰባት ቀን በኋላ ጥር 1 ቀን 1996 ነው። ከዓለም አገሮች የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን፥ በሐምሌ 2021 ሽያጩን አቆመች። በፒስተን ሞተር የሚበርሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ዛሬም ያቃጥላሉ።